ያልተጠራ ቤት

በኛ ሰፈር ሰው ሙሉ ሰው የሚባለው ቅሬ ሲገባ ነው። ተወልዶ፣ ተምሮ፣ ሥራ ይዞ፣ ሽበትም አውጥቶ ሊሆን ይችላል፤ ቅሬ ካልገባ ግን ገና የእገሌ ልጅ ነው። ሌላው አገር ዕድር የሚለውን ነው እኛ ወሎዎች ቅሬ የምንለው። ሰው ሲሞት መቃብር የሚቆፍር፣ ድንኳን የሚተክል፣ እንጨት የሚፈልጥ፣ ሐዘንተኛውን ሰብስቦ የሚያበላ እሱ ነው። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ባንድ ቅሬ ነው የሚቀባበረው። ከሌላ አገር የመጣ እንግዳ ይህን ሲያይ እጁን አፉ ላይ ጭኖ ያደንቃል። እኔም አደንቃለሁ፤ ዛሬ ግን ለአድናቆት አልተቀመጥኩም።

ቅሬ የሚገባው ደግሞ ሰው ሳይሆን ቤት ነው። አንዱ አግብቶ የራሱን ደጃፍ ሲከፍት ወደ ቅሬው ዳኛ ይሄዳል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠሪው ስሙን በቃሉ ይይዘዋል። ጠሪ የምንለው ሞት ሲኖር በማለዳ ጉብታ ላይ ወጥቶ የሚለፍፈውን ሰው ነው። ከቀብር መልስም ሰዉ ሜዳ ላይ ሲቀመጥ ቤት በቤት እየጠራ የመጣውን ከቀረው ይለያል። በነዚህ ዓመታት ኔትወርክ ስንት ጊዜ ጠፋ፣ መንገድ ስንት ጊዜ ተዘጋ፤ የሰፈራችን ጠሪ ጉሮሮ ግን ተቋርጦ አያውቅም። ባል ያላትን በባሏ ይጠራል። ባል የሞተባትን በራሷ ስም ይጠራል፤ የፈታችውንም እንዲሁ። ጭራሽ ያላገባችውን አይጠራም።

እኔ አላገባሁም። ከአርባም ካለፍኩ ቆይቻለሁ።

የምኖረው መካነ ሰላም ውስጥ፣ እኔው ባሠራሁት ቤት ነው። የአባቴ ቤት አርጅቶ ግድግዳው ሲያዘም አፍርሼ ያስተከልኩት፣ ጭቃውን ያስመረግኩት፣ ቆርቆሮውን ያስመታሁት እኔ ነኝ። ምስማር ሲያልቅ ሮጬ የምገዛውም እኔ ነበርኩ። ሰው ግን ቤቱን የሚያውቀው በእናቴ ነው። አባቴ ሲሞት ቅሬው ወደ እናቴ ስም ዞረ፤ ጠሪውም «የእሜቴ እገሊት ቤት!» ሲል እናቴ በቀጭን ድምጿ «አለን!» ትል ነበር። እናቴ እግሯ እምቢ ብሎ ከአልጋ ከዋለች በኋላ ለቀብር የምወጣው እኔ ሆንኩ። ጠሪው የእናቴን ስም ይጠራል፤ ወዲያው ራሱ «ልጇ መጥታለች» ይላል። እኔ አፌን መክፈትም አያስፈልገኝም። እንደ ጋቢዋ ወይም እንደ ምርኩዟ የተላክሁ ይመስል ነበር።

ይህ ነገር ለምን አንጀቴን እንዳሳረረው ለማስረዳት ወደ ኋላ ልመለስ። ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ሽማግሌ መጣብኝ። ያን ጊዜ እምቢ ብዬ ተኛሁ፤ እህል አልቀምስም አልኩ። አባቴ ነገረኛ ሰው አልነበረም፤ «ይቺ ልጅ ቀለም ይዟታል፣ ተዋት» ብሎ ሽማግሌዎቹን በምርቃት ሸኛቸው። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር አመንኩ፤ የተማረች ሴት የማንም ልጅ፣ የማንም ሚስት ሳትባል በራሷ ትቆማለች አልኩ። ማንም አልነገረኝም፤ ከራሴ ነው ያመጣሁት። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ለእንደኔ ያለችው ነው።

ደሴ ሄጄ ተማርኩ። ከዚያ ወግዲ ተመድቤ ባዮሎጂ አስተማርኩ። ወግዲ ደህና ነበርኩ። አባቴን የሚያውቅ የለ፣ እናቴን የሚያውቅ የለ፤ የተከራየሁት ክፍል አንድ መስኮት ነበረው፣ ብርዱ አጥንት ይገባል፣ እኔ ግን ማታ ማታ የተማሪ ደብተር እያረምኩ «እንግዲህ የራሴ ነገር ሊጀምር ነው» እል ነበር። ምን እንደሚጀምር አላውቅም ነበር። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ አንድ ሰው በስሜ ጠርቶ አስቁሞኝ የሚፈልገው እኔን ብቻ የሚሆን ይመስለኝ ነበር። ልጆቹ ቲቸር ይሉኛል። ቲቸር ደግሞ ሁሉም ነው፤ እኔ ስቀር በምትኬ የገባውንም ቲቸር ነው የሚሉት። ወላጆቹ «የልጆቹ አስተማሪ» ይሉኛል። ይጀምራል ያልኩት ነገር ሳይጀምር ዓመቱ በዓመቱ ላይ ተደራረበ፤ ከዚያ እናቴ ታመመችና ዝውውር ጠይቄ ወደ መካነ ሰላም ተመለስኩ።

እዚህም ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ዘጠነኛ ክፍል ገብቼ ሕይወት ያለውን ሁሉ በየወገኑና በየዘሩ እለያለሁ፤ እንቁራሪቷም ቦታ አላት፣ ሸረሪቱም ቦታ አለው፣ ድንጋይ ላይ የሚለጠፈው ሻጋታ እንኳን ቦታ አለው። እኔ የምገባበት ግን ጠፋ። ልጃገረድ እንዳልባል ፀጉሬ ይመሰክርብኛል። እመቤት እንዳልባል ባል የለኝም። ቆሞ ቀር የሚለው አለ፤ እሱን ደግሞ ካለፍኩ በኋላ ነው የሚሉት።

አንድ ቅዳሜ ተነስቼ ወደ ቅሬው ዳኛ ሄድኩ። ዳኛችን የአባቴ ወዳጅ የነበሩ ሼኽ ናቸው፤ ልጆች ቁርአን ያስቀራሉ። ስደርስ ልጆቹ የእንጨት ሉሃቸውን ታቅፈው እየጮኹ ነበር። ሼኹ በእጃቸው ጸጥ አሰኟቸውና ከጎናቸው ቁርበት ላይ አስቀመጡኝ።

«እናትሽ እንዴት አደረች፣ ልጄ?»

«አልሐምዱሊላህ» አልኩ። እኛ ዘንድ ክርስቲያኑም ይላታል። «ጌታው፣ የመጣሁት ቅሬ ልገባ ነው።»

«ቤታችሁ ገብቷል'ኮ።»

«እሱ የእናቴ ነው። እኔ በራሴ ስም ልግባ።»

ደነገጡ። «ምነው? እሷ በሕይወት እያለች!»

«እሷን ላወጣት አይደለም። ሰው ሲሞት እንጨት አስፈልጣለሁ፣ ንፍሮ እቀቅላለሁ፣ ውሃ አስቀዳለሁ። መዋጮውም ከኔ ደሞዝ ነው። ጠሪው ሲጠራ ግን እኔ የለሁም።»

ሼኹ ጢማቸውን ዳሰሱ። «አፉ በይኝ፣ ልጄ። ቅሬ የጎጆ ነገር ነው። ጎጆ ያልወጣ ሰው በቅሬ አይጠራም።»

«ጎረቤቴ ትጠራ የለም? ብቻዋን አይደለች?»

«እሷማ ፈት ናት።»

«ሁለት ወር ነው በትዳር የቆየችው!»

«ሁለት ወርም ትዳር ነው።» አልቀለዱም፤ የእውነታቸውን ነበር።

«እኔ ነገ ብሞትስ?»

«አላህ ያቆይሽ! በእናትሽ ስም ትቀበሪያለሻ፤ ማን ይጥልሻል?»

«እናቴ ብትቀድመኝስ?»

«ኩታበር አጎት አለሽ አይደል?»

አጎቴን በሕይወቴ ያየሁት በጣት በሚቆጠር ጊዜ ነው። ይህን ልነግራቸው ፈልጌ ተውኩት፤ ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ እናገር ነበር። ስወጣ እስከ በሩ ሸኙኝና «አብሽሪ፣ ትዳሩም ኢንሻአላህ ይመጣል» አሉኝ። እኔ ደጃፍ ስጠይቃቸው ባል መረቁልኝ። እየተበሳጨሁ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ጎረቤቴ ጠላ ትሸጣለች፤ ምላሷ ከጠላዋ ይብሳል። ነገሩን ስነግራት ጣሳዋን አስቀምጣ ሳቀች።

«አንቺ ሴት፣ ይሄን ያህል ተምረሽ ይሄ ጠፋሽ? አንድ ክረምት አግቢና ፍቺው! የኔን ባል ባውሰሽ ደስ ባለኝ፤ የት አገር እንደገባ ባውቅ።»

እኔም ሳቅኩ። እንባዬ እስኪመጣ ነበር የሳቅኩት። ማታ አልጋዬ ላይ ስሆን ግን ሳቁ አልነበረም፤ አሳቡ ብቻ ቀርቶ ነበር። አግብቶ የፈታ ሰው ይጠራል። ለማግባት ወንድ፣ ለመፍታት ሽማግሌ ይበቃል። ይህን አሳብ ለቀናት ይዤው ዞርኩ፤ ክፍል ውስጥም፣ ገበያም፣ የእናቴን እግር በሞቀ ውሃ ሳሽም።

አሳብ ሲመጣ አጋዥ አያጣም፤ የዚያኑ ሰሞን ሚስቱ የሞተችበት አንድ ባለወፍጮ ሽማግሌ ላከብኝ። እናቴ ከአልጋዋ ሆና እልል አለች። እልልታዋ ደካማ ነበር፤ ግን ከሰፈሩ አልፎ የተሰማ መሰለኝ። እኔ እንደ ድሮዬ እምቢ ብዬ አልተኛሁም፤ «ከሰውየው ጋር ልነጋገር» አልኩ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ፤ ደስ አላቸው። እናቴም አንሶላውን አስቀየረችኝ፤ ፀጉሯን አስጎነጎነችኝ።

ሰውየው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መጣ። በኮቱ ስፌቶች ላይ ዱቄት ነበር፤ ቢያራግፈውም አልለቀቀውም። ስለ ልጆቹ ነገረኝ፤ ስለ ሞተችው ሚስቱም ሳይደብቅ ነገረኝ፤ እንዴት ታማ እንደሞተች፣ መንገድ ተዘግቶ ደሴ ሳያደርሳት እንደቀረች። አንድ ነገር ልጠይቅህ አልኩት።

«ብንጋባ ቅሬው በማን ይጠራል?»

ሰውየው የምቀልድ መሰለው። «በኔ ነዋ! አባወራ እያለ በማን ሊጠራ ነው?»

«እኔስ?»

«አንቺማ ከኔ ጋር ነሽ» አለ። ፍቅር ያለበት ድምፅ ነበር።

በዚያች ቅጽበት አሳቤን ሁሉ አየሁት። ይህን ሰው አግብቼ፣ እንጀራውን በልቼ፣ ልጆቹን «እማዬ» አስብዬ፣ ከዚያ ምክንያት ፈልጌ ልፈታው ነበር። ሰውየው ለኔ ግድግዳ መውጫ መሰላል ሊሆንልኝ ነበር። አንዴ ቀብሮ የመጣ ሰው ነው። ፊቱን ሳየው ልቤ እምቢ አለኝ። «ይቅርብህ፣ እኔ ላንተ አልሆንም» አልኩት። ምክንያቱን ሳይጠይቀኝ ባርኔጣውን አንስቶ ወጣ።

እናቴ ሁሉንም ከጓዳ ሰምታለች። ስገባ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር።

«ምን ጎደለሽ፣ ልጄ?» አለችኝ ሳትዞር። «ንገሪኝ እስቲ። ምን ጎደለሽ?»

ብነግራት አይገባትም ነበር፤ ለኔም የገባኝ አይመስለኝም። ባል አልጎደለኝም። ልጅ አልጎደለኝም ማለት አልችልም፤ ልጅ የሚያምረኝ ጊዜ ነበር፤ ግን እሱም አልነበረም። አንድ ቀን ጠዋት ተነስቼ ራሴን ማንም ሳይጨመርበት፣ እንዳለሁ፣ ሰው ፊት ማቆም ነበር ያማረኝ። ይህ ለእናት በምን ቋንቋ ይነገራል?

«እኔ ስሞት በማን ደጃፍ ልትቀመጪ ነው?» አለች። ከዚያ ወዲያ ስለዚያ ሰው አላነሳንም።

እናቴ የሞተችው በክረምት ነው። የቅሬውን ነገር እውነቱን ካልተናገርኩ ግፍ ይሆንብኛል። ጠሪው ገና ጭጋጉ ሳይገፈፍ ጉብታው ላይ ወጣ። ሰዉ በጭቃው ላይ እየተንሸራተተ መጣ። መቃብሩን ከቆፈሩት ግማሾቹ ሙስሊሞች ናቸው፤ ጉድጓዱ ውስጥ ውሃ እየገባ በጣሳ እየቀዱ ነበር የቆፈሩት። ሴቶቹ ማድቤቴን ወረሱት፤ እኔን ንኪ አላሉኝም። አንዷ እግሬን አጠበችኝ። ጎረቤቴ ጠላዋን ዘግታ ከኔ አልተለየችም። ያን ቀን ቅሬውን ወደድኩት፤ እንደዚያ ታቅፌም አላውቅም።

ግን ሬሳው ተገንዞ ቀረ። ለምን ብል አጎቴ ይጠበቃል አሉ። «እኔ አለሁ፣ ቀብሩ ስድስት ሰዓት ይሁን» አልኩ። ዳኛው «አዎ፣ ልጄ፣ ልክ ነሽ» እያሉ ጠበቁ። አጎቴ በደሴ ዞሮ፣ ከመኪና መኪና እየቀያየረ፣ ሰው ሁሉ ሲበርደው ደረሰ። እንደደረሰ ወንዶቹ ከበቡት፤ «እግዜር ያጥናህ» አሉት። እህቱ ናት፤ ይገባዋል። ቄሱም ወደሱ ሄደው ለፍትሐቱ የክርስትና ስሟን ጠየቁት። አጎቴ ወደኔ ዞሮ «ማን ነበር የክርስትናዋ?» አለኝ። ነገርኩት። ተመልሶ ዞሮ ለቄሱ ነገራቸው። ቄሱ የቆሙት ክንዴን ብዘረጋ በምነካቸው ቦታ ነበር። ድምፄን ከአንዴ ሁለቴ ሰምተዋል፤ ስሙን የተቀበሉት ግን ከሱ ነው።

ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ ይባላል። ስሰማው እስቅ ነበር። ያን ቀን ለማልቀስ እናቴ ሰበብ ሆነችልኝ፤ ማንም የትኛውን እንደማለቅስ አላወቀም።

አጎቴ ሰልስቱን ውሎ ሄደ። ቤቱ ባዶ ሆነ። እናቴን ማገላበጥ፣ ማጠብ፣ ማጉረስ ለምጄ ነበር፤ ሁሉም ሲቀር እጄን የማደርግበት አጣሁ። ከትምህርት ቤት መጥቼ ጫማዬን ሳላወልቅ የምቀመጥባቸው ምሽቶች ነበሩ። አዲስ አበባ ልሂድ ብዬ አሰብኩ። በዚህ ዕድሜ፣ በዚህ መንገድ፣ ማን ጋ? እዚያም ሄጄ የቤት አከራይ «አስተማሪዋ» ትለኛለች። ስንቱን አሰብኩ፤ ሁሉም ደክሞኝ ተውኩት። አንድ ነገር ብቻ አልተውኩም፤ አርባዋ ሲወጣ ቅሬው ፊት ቆሜ እጠይቃለሁ አልኩ። እናቴ የለችም፤ እንግዲህ ቤቱ ባለቤት ያስፈልገዋል፤ ባለቤቱ ደግሞ ከኔ ሌላ የለም። በዚህ መንገድ እምቢ የሚሉኝ አልመሰለኝም። ምናልባት ተስፋ የሚባለው ይህ ነበር፤ እናቴን ቀብሬ ያገኘሁት ስለሆነ አፍሬበታለሁ።

አርባው ካለፈ በኋላ ቅሬው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ጥዱ ሥር ተሰበሰበ። ሴቶች ወደ ኋላ እንቀመጣለን፤ ማንም አይከለክልም፣ ማንም አይናገርም። እኔ ተነሳሁ።

«እናቴን በወግ በማዕረግ ቀብራችሁልኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ። «አሁን ቤቱ በኔ ስም ይጠራ። የምለምነው ይኸው ነው።»

ጉርምርምታ ተነሳ። አንዱ «ያልነበረ ነገር አናምጣ» አለ። ሌላው «ደግ ልጅ ናት፣ እናቷንም ጦራለች፤ ግን ነገ ሌላዋም ትመጣለች» አለ። ጎረቤቴ ከኋላዬ «ትምጣ እንጂ!» ብላ ጮኸች፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ዳኛው እጃቸውን አነሱ፤ ሰዉ ዝም አለ።

«ልጄ፣ ተቀመጪ» አሉኝ። «አንቺ ሳትጠይቂ ያለቀ ነገር ነው። እናትሽ ልትሞት ስትል እኔን አስጠርታ አደራ ሰጥታኛለች። ‘ልጄ ሜዳ ላይ እንዳትቀር። ባል የላት፣ ወንድም የላት። ስሜን ከቅሬው አታውጡት፤ በስሜ ትጠራ፣ በስሜ ትቀበር’ አለችኝ። እኔም ወላሂ ብዬ ቃሌን ሰጠኋት። ቅሬውም ሰምቶ ተስማምቷል። ቤቱ በእናትሽ ስም ይኖራል። ጠሪው ሲጠራ አለሁ በይ።»

«አሚን!» አለ ሰዉ። ደስ አላቸው። ልባቸው ቀለለ። አንዲት መበለት ተነስታ ጉንጬን ሳመችኝ። ሼኹ ዱዓ አደረጉልኝ፤ ቄሱም ጨመሩበት። ጎረቤቴ እንኳን ዓይኗን እየጠረገች «በቃ፣ ገባሽ'ኮ» አለችኝ።

እኔ ቆሜ ቀረሁ። እምቢ ማለት እችል ነበር። ግን የእናት አደራ ነው፤ በኛ አገር አደራ ከሚበላ ሰው ጋር ማንም እሳት አይጫጫርም። ደግሞስ ምን ብዬ? እናቴ መሬት የላትም፣ ወርቅ የላትም። በዚህ ምድር ላይ የራሷ የሆነ አንድ ነገር ቢኖር ያ ስም ነው፤ እሱንም ያገኘችው አባቴን ቀብራ ነው። እየሞተች እሱን አውልቃ አለበሰችኝ። ምን ጎደለሽ ብላ ጠይቃኝ ነበር፤ የጎደለኝ የመሰላትን ሰጥታኝ ሄደች። የምቆጣው ሰው አጣሁ። ክፉ ሰው ባገኝ ኖሮ፣ እሱን እየጠላሁ እኖር ነበር።

ከዚያ በኋላ ሰው ሲሞት ሜዳው ላይ እቀመጣለሁ። የመጀመሪያ ቀን ጠሪው የእናቴን ስም ጠርቶ ወደኔ ተመለከተ። ሰዉ ዞሮ አየኝ። «አለሁ» አልኩ። ሁለተኛው ቀን ቀለለኝ። አሁን ሳላስብ ነው የምመልሰው። የሰፈር ልጆችም ቤቱን በእናቴ ስም ስለሚያውቁት እኔንም በዚያው ይጠሩኛል፤ እናቴን ያላዩ ሕፃናት ናቸው። እኩዮቿ «እሷን ቁርጥ እየመሰልሽ መጣሽ» ይሉኛል። ባለፈው ጤና ጣቢያ ሄጄ ተራ ስጠብቅ ነርሷ ደጋግማ ስትጣራ ሰማሁ፤ ይህች የማትነሳ ሴት ማን ናት ብዬ ዙሪያዬን አየሁ። የተጠራችው እኔ ነበርኩ፤ በገዛ ስሜ።

ይህን ለማንም አላወራሁም። ተማሪዎቼ ፊት አሁንም ሁሉን በየወገኑ እለያለሁ፤ ድምፄ አይንቀጠቀጥም። የሚፈለገውን ሁሉ አደርጋለሁ፤ ንፍሮ እቀቅላለሁ፣ አስተዛዝናለሁ። የራሴ ነገር ይጀምራል የሚለው አሳብ ግን ከውስጤ ወጥቷል። መቼ እንደወጣ አላየሁትም። አንዳንዴ ማታ ቦታው ይቀዘቅዘኛል።

ሰሞኑን ከአንድ ቀብር ስንመለስ ጠሪው ከጎኔ ይሄድ ነበር። ደግና ቁም ነገረኛ ሰው ነው፤ የተጠየቀውን ሳያስብ አይመልስም።

«እኔ ስሞት ማን ብለህ ነው የምትለፍፈው?» አልኩት።

ቆመ። ምርኩዙን ተደግፎ አሰበ። «የቤቱ ባለቤት ሲሞት በቤቱ ስም ነው የምለፍፈው» አለ። «ያንቺ ቤት ስም ደግሞ የእናትሽ ነው። እሱን ነዋ።»

እንግዲህ እንደዚያ ይሆናል። አንድ ቀን ማለዳ ጉብታው ላይ ወጥቶ የእናቴን ስም ይጠራል፤ አርፋለች፣ ውጡ ይላል። ሰዉም ከብርድ ልብሱ ውስጥ ሆኖ ይሰማዋል። «እሳቸውማ ሞተው የለም እንዴ? እኛው አይደለን የቀበርናቸው?» ይባባላል፤ ጠሪው አርጅቶ ተሳሳተ ይልና ተመልሶ ይተኛል።